ሌባ ሻይ በጋራዥ

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶባት ጋራዥ የገባች መኪና ዕጣዋ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይወሰናል። ስካነሩ ከመሪው ሥር ይሰካል፣ ስክሪኑ ላይ ኮድ ይወጣል፣ ከኮዱ ጎን «ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ትሮትሉ ማለትም የሞተሩ አየር ማስገቢያ በር ምን ያህል እንደተከፈተ የሚለካው ዕቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ባለቤቱ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ማሽኑ ነው ያለው።» ሰው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ይላካል፣ ሴንሰር ተገዝቶ ይገጠማል፣ ኮዱ ይጠፋል። መኪናዋ ትወጣለች፤ በሳምንቱ ያንኑ መብራት አብርታ ትመለሳለች።

ስትመለስም ምላሹ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። የተገዛው ዕቃ ኦሪጅናል አይደለም ይባላል። ሌላ ይገዛል። ቀጥሎ ትሮትል ቦዲው በሙሉ ይቀየራል። በመጨረሻ ጣት የሚቀሰረው የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቮልት እንኳ የለካ ሰው የለም። ነገሩ ስንፍና ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር፤ ግን እምነት ሆኗል። ዘመናዊ መኪና የሚመረመረው በኮምፒውተር ነው፣ መልቲሜትር ደግሞ የሬዲዮ ጠጋኝና የቤት መብራት ሠራተኛ ዕቃ ነው የሚል እምነት። ባለመኪናዎችም ተቀብለውታል፤ ታብሌት ይዞ ለመጣ ወጣት የሚሰጡትን አመኔታ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ይዞ ኮፈኖ ሥር ለጎነበሰ ኤሌክትሪሺያን አይሰጡትም።

በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል የወንጀል ምርመራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና አእምሮውን ስቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ተብሎ ይከፍላል። ምስክር አይጠራም፣ ማስረጃ አይቀርብም። ልጁ ወድቋላ! ኮድ አንብቦ ዕቃ የሚቀይር ጋራዥ ከዚህ የሚለየው ልጁን በታብሌት በመተካቱ ነው።

ታብሌቱን መውቀስ ግን አይገባም፤ ኮዱ እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰጠምና። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ በሆነው ኦቢዲ 2 የተባለ የብልሽት ምርመራ ሥርዓት ውስጥ ለዚህ ሴንሰር የተመደቡት ዋና ዋና ኮዶች ከፒ0120 እስከ ፒ0124 ያሉት አምስቱ ናቸው። የመጀመሪያው የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ዑደት ችግር አለበት ይላል። ሁለተኛው የሚመጣው ንባብ ከሌሎቹ ሴንሰሮች ንባብ ጋር አይጣጣምም ይላል። ሦስተኛው ሲግናሉ ከሚገባው በላይ ወርዷል፣ አራተኛው ከሚገባው በላይ ወጥቷል፣ አምስተኛው ሄድ መለስ ይላል ነው የሚሉት። ከአምስቱ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚል አንድም የለም። የሚናገሩት ስለ ኤሌክትሪክ ዑደቱ ነው፤ በዚያ ዑደት ውስጥ ደግሞ ሴንሰሩ አለ፣ ሽቦዎቹ አሉ፣ በሁለቱም ጫፍ ሶኬቶች አሉ፣ ራሱ ኮምፒውተሩም አለ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ቶዮታዎችም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ነገር አይናገሩም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ኮሮላ የምርመራ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ሲያገናኙ መብራቱ አራቴ ብልጭ ብሎ ቆይቶ አንዴ ከደገመ ኮድ 41 ነው፤ ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ኮድ የሚዘረዝራቸው ተጠርጣሪዎች ሦስት ናቸው፦ የሽቦው መቆረጥ ወይም ሾርት ማድረግ፣ ሴንሰሩ፣ ኮምፒውተሩ። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ሦስት ተጠርጣሪ ሲያቀርብ፣ ጋራዡ ሁለቱን በነጻ አሰናብቶ አንዱን የሚቀጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ሴንሰሩ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ይመስላል። የተበላሸ ሽቦ ከሱቅ አይገዛም።

ሴንሰሩ ውስጡ ሲታይ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የቀድሞው ዓይነት በቅስት የተቀባ የካርቦን መስመርና በላዩ የሚንሸራተት ትንሽ የብረት ምላስ ነው። የመስመሩ አንድ ጫፍ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይቀበላል፣ ሌላው ጫፍ ማሳ ነው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር። ምላሱ ከትሮትሉ ዘንግ ጋር አብሮ ይዞርና የደረሰበትን ቮልት በሦስተኛው ሽቦ ለኮምፒውተሩ ይልካል። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ በአብዛኞቹ መኪኖች ከግማሽ ቮልት እስከ አንድ ቮልት፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ደግሞ አራት ቮልት ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የኮድ አምላኪዎች ክርክር የሚፈርሰው። የማሳው ሽቦ ቢቆረጥ ምን ይፈጠራል? በካርቦኑ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርም፤ ስለዚህ ምላሱ የትም ይሁን የት ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ይወጣል። ኮምፒውተሩ ፒ0123 ይመዘግባል። ሴንሰሩ ፍጹም ጤነኛ ነው። 5 ቮልቱን የሚያመጣው ሽቦ ቢቆረጥስ? ሲግናሉ ዜሮ ይሆናል፣ ፒ0122 ይመጣል፤ ሴንሰሩ አሁንም ጤነኛ ነው። ከሁለቱም የከፋው የማሳው ሽቦ ሳይቆረጥ ሲዝግ ነው። ያኔ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ሲግናሉም አብሮት ይነሳል። ኮምፒውተሩ ሹፌሩ ፔዳሉን በስሱ የረገጠ ይመስለዋል፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይዋዥቃል፤ መኪናዋ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ታንጎራጉራለች። ኮድ ላይመጣም ይችላል። ኮድ ከሌለ ደግሞ፣ በዚህ እምነት መሠረት፣ ችግርም የለም።

ሽቦና ሶኬት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚጎዱበት ምክንያት ሞልቷል። ሞተር በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማሳጠብ የተለመደ ነው፤ ውሃው ሶኬት ውስጥ ይገባና በወራት ውስጥ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። አላርም ያስገባ ሰው ያገኘውን ሽቦ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ይሄዳል። አይጥም የሽቦ ልባስ አትጠላም። ከውጭ ያገለገለች ሆና የገባች መኪና ደግሞ ከዚህ በፊት የነበሩ እጆችን ታሪክ ሁሉ ተሸክማ ነው የምትመጣው።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው 5 ቮልት ብዙ ጊዜ የብዙ ሴንሰሮች የጋራ ነው። የአየር ግፊት ለኪው ሴንሰር ውስጡ ሾርት ቢያደርግ 5 ቮልቱን ለሁሉም ያወርደዋል፤ ያኔ ትሮትል ሴንሰሩም ያለጥፋቱ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የጥፋተኛው ሶኬት ሲነቀል 5 ቮልቱ ወዲያው ይመለሳል። ይህን ለማየት 5 ቮልቱን በመልቲሜትር እየለኩ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ መንቀል በቂ ነው።

የመለካቱ ሥራ ራሱ ከስካነሩ ብዙም ጊዜ አይወስድም። ቁልፉ ይከፈታል፣ ሞተሩ አይነሳም። ሶኬቱ አይነቀልም፤ ቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል ይገባል። የሽቦውን ልባስ መብሳት የሚወዱ አሉ፣ ግን ዛሬ የተበሳው ቀዳዳ በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ያስገባል። መልቲሜትሩ 20 ቮልት ዲሲ ላይ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው ሲግናሉን ለማየት ነው። መጀመሪያ መለካት ያለበት ግን የሚመጣው 5 ቮልት ነው፤ ከ4.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው የ5 ቮልቱ መውረድ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ጥቁሩ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩ የሴንሰሩ ማሳ ላይ ያርፋል። እዚህ የሚጠበቀው ከቮልት መቶኛ ጥቂት ነው፤ ከ0.1 ቮልት ካለፈ ችግሩ በመመለሻው መንገድ ላይ ነው ያለው።

ሲግናሉ የሚለካው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ትሮትሉ በዝግታ፣ ሰው በቂ ነው ብሎ ከሚያስበውም በዘገየ ፍጥነት ይከፈታል። ቁጥሩ ሳይዘል፣ ሳይወድቅ መውጣት አለበት፤ ሲዘጋም እንዲሁ። ልዩ ትኩረት የሚሻው ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው፤ የከተማ ሹፌር ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚያ ነውና ምላሱ ካርቦኑን ፍቆ የሚጨርሰውም እዚያው ነው። ከ0.9 ወደ 1.3 እያለ የሚወጣ ቁጥር ድንገት 0.2 ብሎ ከተመለሰ ጥፋተኛው እጅ ከፍንጅ ተይዟል፤ ያኔ ሴንሰር መግዛት ተገቢ ነው። ምንም ካልታየ በስክሩድራይቨር እጀታ ሴንሰሩን መታ መታ፣ ገመዱን ወዲያ ወዲህ ማወዛወዝ ይቀጥላል። በመጨረሻ ያው ሲግናል ኮምፒውተሩ ጋ ባለው ጫፍ ይለካል። ሴንሰሩ ጋ 0.6፣ ኮምፒውተሩ ጋ ሌላ ቁጥር ከተነበበ የሚፈለገው በሁለቱ መሐል ነው።

የጂፕ ቸሮኪ ባለቤቶች ይህን በግድ ተምረውታል። ከ1987 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ባለ 4.0 ሊትር ቸሮኪዎች ላይ ያለው ሬኒክስ የተባለ መቆጣጠሪያ የብልሽት ኮድ አይመዘግብም። ማሽን ተሰክቶ የሚፈረድበት ሰው የለም፤ ስለዚህ መካኒኩ መለካት ግድ ሆነበት። ደንቡም በቮልት ሳይሆን በመቶኛ ነው የሚነገረው፦ ትሮትሉ ተዘግቶ ሲግናሉ ከሚመጣው ቮልት 17 በመቶ መሆን አለበት፤ 5 ቮልት ከመጣ 0.85 ማለት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሴንሰር ላይ ሴንሰር ቀያይረው መፍትሔ ያጡ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ቦታ የታወቀ ነው፤ በሞተሩ ጎን፣ በዘይት መለኪያው አጠገብ በአንድ ብሎን የታሰረው የዛገ የማሳ ግንኙነት። በብረት ብሩሽ ሲጸዳ ቁጥሩ ቦታው ይገባል።

ለማሽኑ የሚሟገቱት ሰዎች የሚያነሱት ከባዱ ነጥብ የቀጥታ ንባብ ነው። «ስካነሩ ኮድ ብቻ አይደለም፣ ትሮትሉ ስንት በመቶ እንደተከፈተም ያሳየኛል፤ ታዲያ መልቲሜትር ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቀጥታ ንባብ የሚያይ መካኒክም ኮድ አንብቦ ከሚዘጋው በብዙ ይሻላል። ሆኖም ስካነሩ የሚያሳየው ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰውን ነው፤ መንገድ ላይ የጠፋው የት እንደጠፋ አያውቅም። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው የሚያምርባቸው። መልቲሜትሩ 5 ቮልቱ ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የአሮጌው ዓይነት ሴንሰር ሶኬት ይነቀልና የ5 ቮልቱና የሲግናሉ ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ ይገናኛሉ። ስካነሩ ላይ ያለው ንባብ ወደ ላይ ከዘለለ የሲግናሉ ሽቦም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው። ካልዘለለ፣ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ የሚመጣው ልጅ ከመንገድ ይመለስ።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ይህ ለድሮ መኪና ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት። የነዳጅ ፔዳሉ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ትሮትሉን የሚያዝባቸው መኪኖች ላይ፣ አዲስ አበባን የሞሉትን የኋለኞቹን ቪትዞች ጨምሮ፣ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ካርቦንና ምላስ የለውም፤ በማግኔት ነው የሚሠራው። እሱን በኦም መለካት ትርጉም የለውም፣ እንዲህ ለክቶ «ሞቷል» ያለ መካኒክም ጤነኛ ዕቃ ያስጥላል። በቮልት ግን ይለካል። በቶዮታ ቪቲኤ1 እና ቪቲኤ2 የሚባሉ ሁለት ሲግናሎች አሉ፤ ትሮትሉ ሲዘጋ የመጀመሪያው ከ0.5 እስከ 1.1፣ ሁለተኛው ከ2.1 እስከ 3.1 ቮልት ይሆናል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከቀረ ወይም ከዘለለ በዓይን ይታያል። እነዚህን መኪኖች ሲለኩ ትሮትሉ የሚከፈተው በፔዳሉ ነው፤ ቁልፍ ተከፍቶ ጣት ወደ ትሮትሉ ጉሮሮ አይገባም፣ ትሮትሉን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ሲዘጋው ለጣት አይራራም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሴንሰሩ ቮልት ትቶ በፍጥነት የሚለዋወጥ ዲጂታል መልእክት የሚልክባቸው መኪኖች መጥተዋል። እነሱ ላይ መልቲሜትር የሚያረጋግጠው የሚመጣውን ኃይልና ማሳውን ብቻ ነው፤ ሲግናሉን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ይህ ግን የመልቲሜትርን ወሰን እንጂ የኮድን ብቃት አያሳይም።

ስለ ፍጥነትም ይነሳል። ተራ ዲጂታል መልቲሜትር በሴኮንድ ቁጥሩን የሚቀይረው ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቅጽበት መቋረጥ ሊያመልጠው ይችላል። ትክክል። ትሮትሉ በዝግታ እንዲከፈት የሚባለውም ለዚሁ ነው። ባለ መርፌ የድሮ መልቲሜትር ያለው ሰው ደግሞ አይጣለው፤ ቁጥር ሳይቀየር የሚያልፈውን መቋረጥ መርፌው ተንቀጥቅጦ ያሳብቃል። ደግሞስ በቆዩ መኪኖች ላይ ስካነሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ራሱ ቀርፋፋ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ለጃፓን ገበያ ተሠርተው የመጡ ብዙ የቆዩ መኪኖችማ ከርካሾቹ ስካነሮች ጋር ጭራሽ አይግባቡም።

መለካትን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው ናሳ ያደረገውን ቢያይ መልካም ነበር። ቶዮታ መኪኖች ያለ ሹፌሩ ፈቃድ ይፈጥናሉ የሚለው አቤቱታ በበዛበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የናሳ መሐንዲሶችን ጠርቶ አስመረመረ፤ ሪፖርቱ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ወጣ። ለአቤቱታው ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኙም። ነገር ግን በብልሽት ምክንያት የተመለሰ አንድ የነዳጅ ፔዳል ውስጥ፣ የትሮትል ሴንሰር ወንድም በሆነው ሴንሰር ላይ፣ ከቆርቆሮ ልባሱ የበቀለች ከፀጉር የቀጠነች ክር ሁለቱን ሲግናሎች አገናኝታ ተገኘች፤ በመሐላቸው የተለካው ተቃውሞ 250 ኦም ገደማ ነበር። በዓለም ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ሲግናል ከሲግናል ጋር በስንት ኦም እንደተገናኘ መለካትን አልናቁም።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው፤ ምናልባትም ሁሉም ነገር እሱ ነው። ጋራዡ ለኮድ ንባብ ያስከፍላል፣ ዕቃ ለመግጠም ያስከፍላል፣ አንዳንድ ቦታም ከዕቃ ሻጩ የሚደርሰው አለ። ለመለካት የሚከፍል ግን የለም። ባለመኪናው ግማሽ ሰዓት መልቲሜትር ይዞ ለቆመ ሰው «ምንም አልቀየርክም፣ ምን ልክፈልህ?» ይላል፤ ሦስት ዕቃ ለቀየረለት ግን አመስግኖ ይከፍላል። መካኒኩ ብቻውን አይወቀስም ማለት ነው።

ሳይለኩ ዕቃ የመቀየር ልማድ ዕቃ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይቻል ይሆናል። ዛሬ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ቀረጠ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ገበያ ተለቀቀ፣ የብርም ዋጋ ወረደ። በእጅ ያለችው የቤንዚን መኪና ምትኳ ቅርብ አይደለም። ፔዳላቸው በኤሌክትሪክ በሚያዝባቸው ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ ለብቻው አይሸጥም፤ ከነትሮትል ቦዲው ይገዛል። የቀድሞው ዓይነት ሴንሰር ከሌላ መኪና ተነቅሎ ሲገዛም ካርቦኑ የት ቦታ እንደተበላ የሚያውቅ የለም፤ ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ ደግሞ አንዴ ከተገጠመ ሻጩ አይመልስም። አንድ መካከለኛ መልቲሜትር ከዚያ ትሮትል ቦዲ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

አስቂኙ ነገር፣ ሴንሰሩ በእርግጥ የተበላሸ ቢሆን እንኳ መልቲሜትርን የናቀ ሰው አዲሱን በትክክል ሊገጥመው አይችልም። በብዙ የቀድሞ ሞዴሎች ላይ ሴንሰሩ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉት ለማስተካከያ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞሮ ቮልቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ነው ብሎኖቹ የሚጠብቁት። በዓይን ግምት የታሰረ ሴንሰር ሚኒሞውን ያስጨንቃል፤ ማርሹ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ ያዛባል። ከዚያ ባለቤቱ ስለ ካምቢዮ ጥገና መስማት ይጀምራል።

ስለዚህ ባለመኪናው ለዕቃ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በወረቀት ላይ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ የሚመጣው ስንት ቮልት ነው፣ ማሳው ላይ ስንት ተነበበ፣ ሲግናሉ ተዘግቶና ተከፍቶ ስንት ሆነ፣ የቱ ጋ ዘለለ? ለዚያ ሥራ ዋጋ ይቆረጥለት፣ ይከፈልበትም። ሴንሰሩ ከተቀየረ አሮጌው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ደረሰኙ ላይም አዲሱ ትሮትሉ ተዘግቶ ስንት ቮልት ላይ እንደታሰረ ይጻፍ።